የወረቀቱ ጀርባ

በአንድ የገበያ ቀን ኮረሪማ ገዛሁ። ብዙም አይደል፤ ለአንድ ሰሞን ወጥ የሚበቃ። ሻጯ ፈገግታ የማይለያት ጎልማሳ ሴት ናት፤ ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ጠቅልላ፣ ጫፍና ጫፉን አጥፋ ሰጠችኝ። እቤት ገብቼ ኮረሪማውን ጣሳ ውስጥ ገለበጥኩና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በመዳፌ ማቃናት ጀመርኩ። ልጄ በዚህ አመሌ ትስቅብኛለች። «እማዬ፣ ይሄንንም ፋይል ልታደርጊው ነው?» ትለኛለች። ዕድሜውን ከወረቀት ጋር የጨረሰ ሰው ወረቀት ጨምድዶ አይጥልም፤ ምን ላድርግ! ታዲያ ወረቀቱ ተገልብጦ ነበርና መዳፌ ጀርባው ላይ ሲሄድ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። አራት ጥቃቅን ጉብታዎች። ዝቅ ስል ደግሞ ሌላ አራት። መነጽሬ አጠገቤ አልነበረም፤ አላስፈለገኝምም። ጣቴ ከዓይኔ ቀድሞ አወቀው። የድሮ የሥራ ባልደረባዬ፣ የጋሽ ተክሌ አራት ነጥብ ነው። ችግሩ፣ ጋሽ ተክሌ ካረፉ ስምንት ዓመታቸው ነው።

መነጽሬን ፈልጌ ወረቀቱን ወደ ፊቱ ገለበጥኩት። የአንድ ሰፈር ሴቶች የጽዋ ማኅበር ተራ ነው፤ የዘንድሮ። በየትኛው ወር ማን እንደምትደግስ በትልልቅ ክብ ፊደል ተጽፏል፤ እያንዳንዱም መስመር በአራት ነጥብ ተዘግቷል። እንግዲህ የሞተ ሰው ተነሥቶ የማኅበር ተራ አይጽፍም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የኮረሪማው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል፤ ጋሽ ተክሌም ከገጠር ቤታቸው፣ ከማንኪራ ሲመጡ ኪሳቸው ይህንኑ ይሸት ነበር። ያን ጊዜ ባደረግኩት ነገር አዝኜ አውቃለሁ፣ አልቅሼም አውቃለሁ፤ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ቦንጋ ሻይ በስሙኒ፣ ፓስቲም በስሙኒ ነበር። ዝናቡ ዘጠኝ ወር ይዘንባል፣ የቀረውን ሦስት ወር ደግሞ ዛፎቹ ላይ የቀረው ውኃ ይንጠባጠባል እያልን እንቀልድ ነበር። ከጅማ ተቀጥሬ ስመጣ ትከሻው ስፖንጅ ያለው ኮት ለብሼ፣ ባለተረከዝ ጫማ አድርጌ እንደ ሙሽራ ከአውቶቡስ ወረድኩ፤ አንዱ ተረከዝ እዚያው ጭቃው ውስጥ ቀረ። በማግስቱ ቦቲ ገዛሁ። ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት፣ ቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ባለቤቱ ያሉት ካሴቶች ሁለት ብቻ ስለነበሩ፣ ዘፈኖቹን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ አልነበረም። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል፤ ያን ጊዜ እኛ እንቀበለዋለን። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ወሬው ሁሉ ግምገማ ነው፤ ማን ተገመገመ፣ ማን ወረደ፣ ማን ወደ ደካ ተዛወረ። የደካ ሰዎች ይቅር ይበሉኝና፣ አገሩስ ማር የሞላበት አገር ነው፤ ነገር ግን መንገዱ እሩቅ፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ከመኪናው ወርዶ በበቅሎና በእግር የሚኬድ ስለነበር፣ ለኛ «ደካ» ማለት የቅጣት ስም ነበር። ዛሬ ልጆቹ በሞተር ሳይክል ሽው ብለው ሄደው ሲመለሱ ሳይ ይገርመኛል።

እናቴን ከጅማ አምጥቼ አብረን ነበር የምንኖረው። ግማሽ አካሏ አይንቀሳቀስም ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሠራተኛው ወደ ሻይ ቤት ሲወርድ እኔ በቦቲዬ ጭቃውን እየረጨሁ ወደ ቤት እሮጣለሁ። አገላብጬ፣ አጉርሼ፣ መድኃኒቷን ሰጥቼ፣ ሰዓት ሳይሞላ እመለሳለሁ። እዚያ መሥሪያ ቤት በቆየሁባቸው ዓመታት አንድም ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ተገኝቼ አላውቅም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ሥራዬ ታይፒስትነት ነው። ኃላፊውም፣ ሒሳብ ሹሙም፣ የዕቅድ ባለሙያውም በእጃቸው የሞነጫጨሩትን ረቂቅ ወደ እኔ ይልካሉ፤ እኔ ለሰው ዓይን እንዲበቃ አድርጌ እመታዋለሁ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ እኔ ግን የሰውን እጅ ከባለቤቱ የበለጠ አውቅ ነበር። ሒሳብ ሹሙ ወረቀቱን ከደመወዙ የሚቆርጡበት ይመስል የሦስት ገጽ ነገር አንድ ገጽ ላይ ያጭቃል። የዕቅድ ባለሙያው መስመር ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር ሽቅብ ይወጣል፤ ወር መጨረሻ ላይ ደመወዝ ሲያልቅ ግን ቁልቁል ይወርዳል እያልኩ አበሽቀው ነበር። ኃላፊው ሲቆጣ እስክሪብቶው ወረቀት ይቀድዳል፤ ፊርማው ደግሞ ከደብዳቤው ይበልጣል። አንድ ቀን ሾፌራችን «ጽጌ፣ ሁላችንም የተማርነው አንድ ሀ ሁ ነው፤ የሰው እጅ በምን ይለያል?» ቢለኝ «ሁላችሁም የምትሄዱት በሁለት እግር ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ማን እንደመጣ ግን ሳላይ አውቃለሁ» አልኩት። ኩራቴ አይጣል ነበር! ሰው ፊደሉን ማጥመም፣ ማስተለቅ፣ ማሳነስ ይችላል፤ እጁ የት እንደሚቸኩልና የት እንደሚያርፍ ግን ራሱም አያውቀውም፣ ስለዚህ ሊደብቀው አይችልም። ይህንን ማንም አላስተማረኝም፤ በሥራ ያገኘሁት ነው። ዛሬ ሁሉም በኮምፒዩተር ስለሚጽፍ የሚኒስትሩም የዘበኛውም እጅ አንድ ሆኗል። እኔን የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ዛሬ አይገኝም።

ከሁሉ የምወደው የጋሽ ተክሌን እጅ ነበር። ጋሽ ተክሌ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ የማንኪራ ሰው፣ ዕድሜያቸው ሃምሳን የዘለለ፣ ዝናብም ፀሐይም ቢሆን ካኪ ኮታቸውን የማያወልቁ። ቅዳሜና እሑድ ጫካ ገብተው ንባቸውን ያያሉ፤ ሰኞ ቀፎ ቀፎ እየሸተቱ ይመጣሉ። የቤተ ክህነት ትምህርት ቀምሰዋልና ፊደላቸው ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይነካም። አራት ነጥባቸው ግን ለብቻው ነበር። ሌላው ሰው አራት ነጥብን ነካ ነካ አድርጎ ያልፋል። እሳቸው ይቆማሉ፤ አንዱን ይጫናሉ፣ ሁለተኛውን ይጫናሉ፣ እስከ አራተኛው፤ ነጥቡ ከወረቀቱ ጀርባ ወጥቶ በጣት ይዳሰሳል። «ጋሽ ተክሌ፣ ወረቀቱ ምን በደለዎ?» ብላቸው «ልጄ፣ የኔታ ሐሳብ ሲያልቅ እጅህም ይረፍ ይሉን ነበር፤ ያላረፈ እጅ ውሸት ይጨምራል» አሉኝ። እኔም ረቂቃቸውን ስመታ በግራ እጄ ጣት የወረቀቱን ጀርባ እየዳሰስኩ ዐረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ ሳላይ አውቅ ነበር።

እልፍነሽ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ሦስት ትንንሽ ልጆች አሏት፣ ባል የላትም። አፏን የፈታችው በካፊኖኖ ነውና አማርኛዋ ካፊኖኖ ካፊኖኖ ይላል፤ ብዙ አታወራም። ጧት ከሁላችንም ቀድማ ገብታ ወለሉን ትወለውላለች፣ እኛ በቦቲያችን እናቆሽሻለን፣ እሷ ባልዲዋን ይዛ ትመለሳለች። ፊደል መቁጠር እንደጀመረች ሰምቼ ነበር። የማታ ትምህርት ገብታ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ስለ እሷ የማውቀው ይኼው ነበር።

አንድ ቀን ጧት ኃላፊው አስጠራኝ። «በሩን ዝጊው» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ስም የሌለው ደብዳቤ ነበር። ለበላይ አካል ተጽፎ፣ የበላዩ አካል ደግሞ «ምላሽ እንዲሰጥበት» ብሎ ለተከሳሹ ለራሱ መልሶ የላከው ነው። አቤቱታ በዚያ ዘመን እንዲህ ነበር የሚጓዘው፤ ዞሮ ዞሮ ወደ በዳዩ ጠረጴዛ። ደብዳቤው አጭር ነው። ከዋጫ የመጣች ወርቅነሽ የምትባል የጽዳት ሠራተኛ ስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና መባረሯን፣ በቦታዋም የኃላፊው የእኅት ልጅ መቀጠሯን ይናገራል። እውነት ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሁላችንም ሆድ ይፍጀው ብለናል። መጨረሻው ላይ «ወለሉን የሚያጸዳ ሰው ቆሻሻው ከየት እንደሚመጣ ያውቃል» ይላል። ሳነበው በልቤ አደነቅኩት።

«ይሄን እጅ ታውቂዋለሽ» አለኝ። ጥያቄ አልነበረም።

«የሕፃን እጅ ይመስላል» አልኩ። ፊደሉ ትልልቅና ክብ ነበር።

«አውቆ ነው። እጁን ደብቆ ነው የጻፈው። አንቺ ታገኚዋለሽ።» የቆዳ ጃኬቱን ዚፕ ወደ ላይ ሳበ። «እናትሽ እንዴት ናቸው? ተሻላቸው?»

«እግዜር ይመስገን።»

«ደካ እንኳ ለታማሚ አይመችም» አለ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው። እናቴን በቃሬዛ ተሸክሜ ያንን መንገድ ስሄድ ታየኝ።

ደብዳቤውን ይዤ ወደ ክፍሌ ገባሁ። በሩን ዘግቼ ገለበጥኩትና ዳሰስኩት። አራት ጉብታዎች። ከታችም አራት። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ እጁ ቆሞ፣ ተጭኖ፣ አርፏል። «ጋሽ ተክሌ፣ ምን ነካዎ!» አልኩ ለብቻዬ። ከዚያ ወጥቼ «ጊዜ ይስጡኝ፣ ገና አልለየሁትም» አልኩት ለኃላፊው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ነው። በዚያው የሚረሳ መስሎኝ ነበር።

አልተረሳም። በሦስተኛው ቀን ግምገማ አለ ተብለን አዳራሽ ተጠራን። ስንገባ በየወንበሩ አንድ አንድ ነጭ ወረቀት ተቀምጧል። ኮሚቴው ፊት ለፊት ሆኖ አንዱ አባል ጋዜጣ ዘረጋና «እኔ ሳነብ ትጽፋላችሁ» አለ። የልጆች አባት፣ የልጅ ልጅ ያየ ሁሉ እንደ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የቃል ጽሕፈት ተፈተነ! ማንም አልሳቀም። እኔን «አንቺ ትለያለሽ» ብለው ከኮሚቴው ጎን አስቀመጡኝ፤ ስለዚህ ሁሉንም ፊት ለፊት አየኋቸው። አቤት ያኔ ያየሁት! ሒሳብ ሹሙ ያቺን ጥቃቅን ፊደሉን ትቶ እንጎቻ እንጎቻ የሚያክል ፊደል ይጽፋል። የዕቅድ ባለሙያው መስመሩ እንዳይወጣበት በክንዱ ከልሎ፣ በጥፍሩ አስምሮ ይጽፋል። ሾፌሩ እስክሪብቶውን በግራ እጁ ይዞ ላብ ያጠምቀዋል። ንጹሑ ሁሉ እጁን ሲደብቅ ጥፋተኛ መሰለ። ጋሽ ተክሌ ብቻ እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ባለ ፊደላቸው ይጽፋሉ፤ ሐሳብ ሲያልቅ ይቆማሉ፣ አራት ጊዜ ይጫናሉ። ጥግ ላይ እልፍነሽ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ታጎነብሳለች፤ አንባቢው ሁለት መስመር ቀድሟታል። ከውጭ፣ ከሻይ ቤቱ፣ ያው የምናውቀው ዘፈን ይሰማል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀበል ጠፋ።

ወረቀቱ ተሰብስቦ ሠራተኛው ሲወጣ ኮሚቴው ብዙ አልደከመም። የእልፍነሽን አወጣና ከደብዳቤው ጎን አስቀመጠ። ትልልቅ ነው፣ ክብ ነው፤ ሁለቱም የሕፃን እጅ ነው። «ይኼው!» አለ አንዱ። «ማን ይገምት ነበር?» ኃላፊው «ስም ማጥፋት ነው፤ ከሥራ ትሰናበት፣ ጉዳዩም ለፖሊስ ይተላለፍ» አለ። እኔ የጋሽ ተክሌን ወረቀት ከክምሩ መዝዤ ጀርባውን ዳሰስኩ። ጉብታው አለ። የምፈልገውን ስላገኘሁ ሌላውን አልነካሁም። በመስኮቱ ሳይ እልፍነሽ ግቢው ውስጥ ባልዲዋን ታጥባለች። ሦስት ልጆቿ ታዩኝ። እናቴ ታየችኝ። ጋሽ ተክሌም ታዩኝ፤ ግን እሳቸው ወንድ ናቸው፣ ንብ አላቸው፣ ቡና አላቸው፣ ጡረታቸውም ቀርቧል ብዬ አሰብኩ። ኮሚቴው ሲወጣ እኔ ቀረሁ።

«እሷ አይደለችም» አልኩት ኃላፊውን።

«እንዴት?»

«ሐሳቡን ይዩት። ይሄ የተማረ ሰው ሐሳብ ነው። ወለል የምትወለውል ሴት እንዲህ አድርጋ አትጽፍም።» በዚህ በገዛ አፌ ነው ያልኩት። «ፊደሉን ይተዉት። ይገልብጡትና ይዳስሱት።»

ደብዳቤውን ገለበጠው። የጋሽ ተክሌንም ወረቀት ገልብጬ ከጎኑ አደረግኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ አንዱን ዳሰሰ፣ ሌላውን ዳሰሰ፣ ደግሞ የመጀመሪያውን። ፊቱ ሲበራ አየሁ። «ጎበዝ!» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከፈራሁት ይልቅ፣ ካዘንኩት ይልቅ፣ እስከ ዛሬ ፊቴን የሚያቃጥለኝ በዚያች «ጎበዝ» ደስ ማለቴ ነው። ማንም ያላየውን አየሁ ብዬ ነው።

ጋሽ ተክሌን አስጠራቸው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ደብዳቤውን ሰጥቶ «የእርስዎ ነው?» አላቸው። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ኃላፊው «ጀርባውን ነው» ሲላቸው ገለበጡትና በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት። አንዴ፣ ሁለቴ። እንደመገረምም እንደመደሰትም ያለ ነገር ፊታቸው ላይ አለፈ። ያኔ አልገባኝም። ከዚያ ቀና ብለው «ነጥቡስ የኔ ነው» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ቢጠየቁም አልመለሱም።

የዝውውር ደብዳቤያቸውን የመታሁት እኔ ነኝ። ሌላ ታይፒስት ስላልነበረ። ኃላፊው እስክሪብቶው የቀደደውን ረቂቅ ሰጠኝ፤ ካርቦን አድርጌ በሦስት ኮፒ «ወደ ደካ ተዛውረው እንዲሠሩ» ብዬ መታሁ። ጣቴ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ሊወስዱ ሲመጡ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ደረሰኙ ላይ በዚያ ቀጥ ባለ እጃቸው ፈረሙና «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። «ያየሽውን ነው የተናገርሽ።» ከኪሳቸው አምስት ፍሬ ኮረሪማ አውጥተው ታይፑ አጠገብ አስቀምጠውልኝ ወጡ። በማግስቱ በጭነት መኪና ሄዱ። ጡረታቸው እስኪደርስ ደካ ቆዩ፤ ሲመለሱ ያልለቀቃቸው ሳል ይዘው ተመለሱ። ኃላፊውም ብዙ አልሰነበተም፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብሎ በልቶ በልቶ እሱም በግምገማ ወረደ። እናቴ በሰላም አልጋዋ ላይ አረፈች፤ እኔም ቀብሬያት ወደ ጅማ ተመለስኩ። የጋሽ ተክሌን ሞት እዚያው ሆኜ ሰማሁ፤ ለቀብራቸው አልደረስኩም። ይህን ሁሉ ዘመን ራሴን ያጽናናሁት በአንድ ነገር ነበር፤ ቢያንስ አንዲት ንጹሕ ሴት አድኛለሁ እያልኩ። ዘንድሮ ልጄ ቦንጋ ሥራ ይዛ «ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ» ብላ አመጣችኝ። ከዚያ ያ ኮረሪማ መጣ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወረቀቱን ይዤ ወደዚያችው ሻጭ ሄድኩ። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ያንሸራትታል፤ ዱላዬ ባይኖር ወድቄ ነበር። «ልጄ፣ ይህን ማን ነው የጻፈው?» አልኳት።

«እናቴ ናት» አለችኝ እየሳቀች። «የማኅበሩ ጸሐፊ እሷ ናት። ተራውን ሲለውጡት አሮጌውን ለመጠቅለያ ሰጠችኝ። ምነው እማማ?»

«እናትሽ ማን ትባላለች?»

«እልፍነሽ።»

ቤታቸው ከገበያው ጀርባ ነው። እልፍነሽ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ፀጉሯ እንደኔው ነጭ ሆኗል። ቶሎ አወቀችኝ። «እትዬ ጽጌ! እርስዎ ነዎት?» ብላ ተነሥታ ሳመችኝ፣ በርጩማ አቀረበችልኝ። ስለ ልጅ፣ ስለ ጤና ከተጠያየቅን በኋላ ወረቀቱን አውጥቼ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጌ ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩት።

«ይሄን ነጥብ ማን አስተማረሽ?»

ሳታይ በጣቷ ዳሰሰችውና ሳቀች። «ጋሽ ተክሌ ናቸው እንጂ ሌላ ማን አለ? ምሳ ሰዓት፣ መዝገብ ቤት፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ። አንድ ዓመት ሙሉ። ሐሳብ ሲያልቅ ካልተጫንኩ እጄን ይመቱኝ ነበር።»

ምሳ ሰዓት። ለእናቴ ሳጎርስ የነበርኩበት ሰዓት። «ያ ደብዳቤስ?» አልኳት፤ ድምፄ የራሴ አልመስልሽ አለኝ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች፣ የባቄላ ዋጋ እንደምትነግረኝ ሁሉ። «ወርቅነሽ ጓደኛዬ ነበረች። ያን ቀን እኔ ነኝ ብዬ ልናገር ባልዲዬን አስቀምጬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ጋሽ ተክሌ ወጡ። በካፊኖኖ ነው የነገሩኝ። እልፌ፣ ባልዲሽን አንሺ። አንቺ ሦስት ትንንሽ ልጆች አሉሽ፤ የኔዎቹ አድገዋል፣ ንቦቼም ያለ እኔ ማር ይሠራሉ አሉኝ። እንዳልናገር በማርያም አስማሉኝ።» አንድ ባቄላ ፈለፈለች። «ለእርስዎ የነገርኩት እርስዎ ራስዎ ስለደረሱበት ነው። በነጥቡ እንደተያዙ ነግረውኛል፤ አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ነጥቡን ለዚያ ሰውዬ ማን አሳየው? ጠየቅኳቸው፣ እንቢ አሉ። ሲሞቱም አልነገሩኝም።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጀመረ። ሌላ ቀን እመጣለሁ ማለት እችል ነበር፤ ልጅሽን ሰላም በይልኝ ብዬ መነሣት እችል ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ነገር ነው፣ ማን ይጠይቀኛል?

«እኔ ነኝ፣ እልፌ» አልኳት።

ባቄላውን መፈልፈሏን አቆመች። «የኔን ወረቀት ገልብጠው አላዩትም ነበር?»

«አላየሁትም።»

«ለምን?»

መልሱን ይዤው ነው የመጣሁት፤ ያኔም በአፌ ብዬዋለሁ። «የጽዳት ሠራተኛ ስለነበርሽ» አልኳት።

ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። አትመለስም ብዬ ዱላዬን ሳነሣ አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ወጣችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ጻፊው» አለችኝ። ከተዋወቅን ጀምሮ አንቺ ብላኝ አታውቅም። «የጋሽ ተክሌ ልጅ እስከ ዛሬ፣ አባቴ ምን አጥፍቶ ነው ደካ የተላከው ትለኛለች። እኔን አስምለውኛል። አንቺን አላስማሉሽም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይሉን ነበር። እንዴት እንደሆነ በእጅሽ ጻፊው፤ እኔ እወስድላታለሁ።»

አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ታይፕ የለመደ እጅ እስክሪብቶ ሲይዝ ቶሎ ይደክማል። ስጨርስ ወስጄ ሰጠኋት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ገጹን ገልብጣ ጀርባውን በአውራ ጣቷ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰች።

«ነጥቡ አይሰማም» አለችኝ። «እንደገና ጻፊው።»

ይህ እንደገና የጻፍኩት ነው።